የማትቆም ብስክሌትና የኦቦ ቶለሳ ሰላምታ

እናንተ ብስክሌት መንዳት ትችሉ ይሆናል። እኔም የምችል ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ የሰፈር ብስክሌት እየተከራየሁ፣ ከአጥር ጋር እየተላተምኩ፣ ጉልበቴን ልጬ ቤት ስገባ ደግሞ ሱሪውን ስለቀደድኩ እየተገረፍኩ የተማርኩት ሙያ ስለሆነ ማንም አይነጥቀኝም ባይ ነበርኩ። ለካ ያ የልጆች ብስክሌት ነው። የአዋቂ ብስክሌት ሌላ ነው። የአዋቂ ብስክሌት ማለት መቆም የማትችል ብስክሌት ማለት ነች። ይህን ያስተማረኝ ናቲ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ናቲ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። ደሞዝ የሚበላው ኮምፒውተር በመጠገን ሲሆን የሚኖረው ግን ለብስክሌት ነው። ክረምት ከበጋ የቀኝ እግሩን ሱሪ እስከ ባቱ ጠቅልሎ ይዞራል። ካቴና እንዳይነክሰው ነው ይላል። ስብሰባ ላይም ጠቅልሎት ነው የሚቀመጠው፤ ስብሰባ ውስጥ ምን ዓይነት ካቴና እንደሚነክስ እስካሁን አልነገረንም።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶ ገፍቶ ከእንጦጦ ጀርባ ጣለኝና እዚያው ቀረሁ። የቀረሁበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ለሊሴ ትባላለች፤ እመጣባታለሁ። ሥራዬ ግን አዲስ አበባ ስለሆነ ማታ ማታ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ እቆማለሁ። እዚያ ሰልፍ ላይ ተዋውቀው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ታክሲው ገና ያልመጣላቸው ሰዎች አውቃለሁ። ታክሲው ሲመጣ ደግሞ ሰልፍ የሚባል ነገር እንደነበረ ማንም አያስታውስም። በሩ ላይ የሚተርፈው ክንዱ የጠነከረ ነው፤ የኔ ክንድ ደግሞ የቢሮ ክንድ ነው።

አንድ ጠዋት የሸሚዜ ቁልፍ በግፊያ ተበጥሶ፣ አርፍጄ ቢሮ ስገባ ናቲ አየኝና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ሰውዬ እስከ መቼ ነው በታክሲ የምትሰቃየው? ፊክሲ ግዛ በቃ።»

«ፊክሲ ምንድን ነች?»

«ብስክሌት ነቻ! ግን እንደምታውቃቸው ቀሽም ብስክሌቶች አይደለችም። ፔዳሏና የኋላ ጎማዋ አብረው የታሰሩ ናቸው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል። ፔዳሉ ከዞረ እግርህ ይዞራል።»

«ማረፍ ብፈልግስ?»

«ለምን ታርፋለህ?»

እውነቱን ለመናገር ለምን እንደማርፍ ከዚያ በፊት ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ፎሌ የላትም ማለት ነው» አልኩ፣ መኪና እንደማውቅ ለማሳየት።

«ፎሌ የላትም። ማርሽ የላትም። ፍሬን የላትም።»

«ታዲያ ምን አላት?»

ናቲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ነፍስ አላት» አለኝ።

በሳምንቱ ነፍስ ያላትን ብስክሌቱን ሸጠልኝ። እሱ ሌላ፣ የበለጠ ነፍስ ያላት ገዝቶ ነበር።

ብስክሌት ለመንዳት ብስክሌት ትንሿ ነገር እንደሆነች የገባኝ ከገዛኋት በኋላ ነው። ናቲ «አዲስ ነጂ ያለ መሣሪያ አይወጣም» ብሎ አንድ በአንድ አስገዛኝ። ሄልሜት፤ ያለሱ ጭንቅላት የለህም አለኝ፤ ይህን እንኳ አምኜለታለሁ። ጓንት፤ ስትወድቅ በእጅህ ነው የምታርፈው አለ። ስትወድቅ አለ እንጂ ከወደቅክ አላለም፤ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ። የኋላ ጎማውን የሚፈታ አሥራ አምስት ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትርፍ የጎማ ካላማዳሪያ፣ ፓምፕ፣ የካቴና ቅባት፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ውሻ ቀርቶ በሬ የሚያስር የመቆለፊያ ሰንሰለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእግር ማሰሪያ። የእግር ማሰሪያ ማለት እግርን ከፔዳሉ ጋር የሚጠፍር ጠፍር ነው። ካልታሰርክ ፔዳሉ ያመልጥህና ዞሮ መጥቶ ቅልጥምህን ይልሃል ተብያለሁ። ታስሬም ብሎኛል፤ ግን ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ፍሬንስ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ በዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል እሱን ስላጣሁት።

«አቦ ፍሬን ለፈሪ ነው! በእግርህ ገታ ታደርጋታለህ፤ ትቆማለች።»

ዕቃውን ሁሉ በጀርባ ቦርሳ ይዤ ግቢ ስገባ አከራዬ በመስኮት አይተውኝ «ልጄ፣ ጋራዥ ልትከፍት ነው?» አሉኝ። ቦርሳው ከብስክሌቷ ይከብድ ነበር። ብስክሌቷን በአንድ ጣት ማንሳት ይቻላል፤ ናቲ በዚህ ይኮራል። ቦርሳውን ለማንሳት ግን ጎንበስ ብሎ ጸሎት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዳገቱን ወጣሁ። ወጣሁ ስል ብስክሌቷን እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁ ማለቴ ነው። ሱሉልታ የሯጮች አገር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ መንገድ ዳሩ በልምምድ ላይ ባሉ ልጆች ይሞላል። በግራዬ እየተጨዋወቱ አለፉኝ። ዳገት እየሮጡ ይጫወታሉ! አንዷ ዞር ብላ «አይዞህ፣ ጀምር እንጂ ይቀልሃል» አለችኝ። እኔ ሄልሜት አድርጌ፣ ጓንት አጥልቄ፣ መብራት አብርቼ፣ ብስክሌት ይዤ በእግሬ የምሄድ ሰው ምኑን እንደምጀምር አልገባኝም።

ችግሩ የመጣው ማታ፣ ስመለስ ነው። ከአዲስ አበባ ስትመጡ መንገዱ ጫፍ ላይ ይደርስና ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ይለቃችኋል። ሌላ ብስክሌት ቢሆን እዚህ ላይ ነው እግር ተሰቅሎ፣ ነፋስ እየበሉ፣ እየዘፈኑ የሚወረደው። ፊክሲ ግን ዘፈን አታውቅም። ፍጥነቷ በጨመረ ቁጥር ፔዳሉ ይፈጥናል፤ ፔዳሉ በፈጠነ ቁጥር የታሰረው እግሬ ይፈጥናል። አጋማሹ ላይ እግሮቼ የኔ መሆናቸው አጠራጠረኝ። በእግርህ ገታ አድርጋት የተባለውን ሞከርኩ፤ እሷ እኔን ገታ አድርጋ ከመቀመጫው አነሳችኝ። አንድ ባጃጅ ነጂ አጠገቤ እየሄደ «ፎሌ አድርጋት፣ ሰውዬው!» ብሎ መከረኝ።

ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ላይ የኦቦ ቶለሳ በር አለ።

ኦቦ ቶለሳ የለሊሴ አባት ናቸው። ለሊሴን ከተማው ውስጥ ባለ መድኃኒት ቤት ስትሠራ ነው ያወቅኳት። ልንጋባ ተስማምተናል፤ ሽማግሌ የምልክበት እሑድ ተቆርጧል፤ የቀረው የኦቦ ቶለሳ እሺታ ነው። ያቺን እሺታ ደግሞ ከደሞዝ ጭማሪም ከምንም በላይ እፈልጋት ነበር። ለሊሴ «አባባ እምቢ ካሉ እኔ በጓሮ በር አልወጣም» ብላኛለች፤ እንደማትወጣም አውቃለሁ።

ኦቦ ቶለሳ የወተት ላሞች አሏቸው፤ ድርቆሽ ለአዲስ አበባ ይሸጣሉ። አመሻሹ ላይ ከበራቸው ፊት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጣሉ። የሚቀመጡት አላፊ አግዳሚውን ሰላም ለማለት ነው፤ ሰላምታ ደግሞ አያሳጥሩም። ይነሳሉ። ዘንጋቸውን ያስተካክላሉ። አዋዋልህን፣ ጤናህን፣ ቤትህን፣ ዘመድ ወዳጅህን፣ ከብትህን፣ በመጨረሻም ዝናቡን ይጠይቃሉ። አንተም መልሰህ በዚያው ተራ ትጠይቃለህ። በበራቸው የሚያልፍ ሰው ደግሞ ምንም ላይ ተቀምጦ ቢመጣ ይወርዳል። ፈረሰኛ ይወርዳል። ድርቆሽ የሚጭኑ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንኳ ሞተር አጥፍተው፣ ወርደው፣ ባርኔጣ አንስተው ሰላም ሲሏቸው አይቻለሁ። ሳይወርድ ያለፈ ሰው ንቆኛል ይላሉ። ቸኩሎ ነው፣ ታሞ ነው የሚባል ሰበብ አይሰሙም።

ያን ቀን ሦስቱም ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ኦቦ ቶለሳ ሊነሱልኝ ዘንጋቸውን ያዙ። እኔ ደግሞ በቀኝ ትከሻዬ ልሰግድ እየሞከርኩ፣ በሙሉ ድምፄ በኦሮምኛ እንደምን ዋሉ ልላቸው «አካም ኦልተን፣ ኦቦ ቶ—» አልኩ። «—ለሳ» የሚለው የደረሰው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ለሳ የሚባል ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

ማታውኑ ለሊሴ ደወለች።

«አባባ አንድ ነገር ጮሆብኝ አለፈ ይላሉ። አንተ ትሆን?»

«ሰላም ልላቸው ነው እኮ የጮህኩት!»

«ቆመህ ብትላቸውስ?»

«አትቆምም።»

«ማን ናት የማትቆመው?»

ብስክሌት ገዝቻለሁ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ብዙ ደቂቃ አስረዳሁ። በመጨረሻ «ቆይ፣ ፍሬን የሌላትን ሆን ብለህ ነው የገዛሃት?» አለችኝ። አንዳንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ብቻ ነው ሞኝነቱ የሚታየው።

በማግስቱ ዘዴ ዘየድኩ። ሰላምታው የተቆረጠው ዘግይቼ ስለጀመርኩት ነው። ስለዚህ ገና ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ ከላይ ሆኜ ጀመርኩት። አካም ኦልተን፣ ፈያዳ፣ ነጋዳ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ላሞቹ፤ ሁሉንም ለባሕር ዛፎቹ ጠይቄ ጨረስኩ። በሩ ጋ ስደርስ የደረሰው ተራ የመልሱ ነበር። ኦቦ ቶለሳ ከወንበራቸው ብድግ ብለው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከብቶቹም ደህና ናቸው!» ብዬባቸው ነጎድኩ። እኔ ከብት የለኝም። ኦቦ ቶለሳም እንደሌለኝ ያውቃሉ። ሄልሜትና መነጽር ስላደረግኩ ምናልባት አልለዩኝም ይሆናል ብዬ ደግሞ አንገቴን አዙሬ ስሜን እስከ አያቴ ጮኼ ነገርኳቸው። ካልለዩኝ ይሻለኝ እንደነበር የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ናቲን አማከርኩት። ናቲ ለችግር ሁሉ መድኃኒቱ ሌላ ዕቃ መግዛት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

«ደወል የለህም እንዴ? ደወል ግዛ! ቀድመህ ትደውላለህ፣ ይዘጋጁልሃል፣ ሰላም ብለህ ታልፋለህ።»

ጥሩ ናስ ደወል ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ወደ በሩ ስቃረብ በአውራ ጣቴ ደጋግሜ አቃጨልኩት። ሦስቱ አዛውንት እኔን ሊቀበሉ ተነስተው ነበር፤ ደወሉን ሲሰሙ አንዱ ወደ ቦዩ ዘለሉ፣ አንዱ በሩን ከፍተው ገቡ። ኦቦ ቶለሳ ብቻ ንቅንቅ ሳይሉ ቆመው፣ አንገታቸውን እንዳቀኑ አዩኝ። በስፖኪዮ አየኋቸው፤ ናቲ ስፖኪዮም አስገዝቶኝ ነበርና። ለሽማግሌ መደወል ማለት ከመንገዴ ዞር በሉ ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም ከደወልኩ በኋላ አወቅኩ።

በነጋታው መድኃኒት ቤት ስሄድ ለሊሴ ፔዳሉ የገመሰውን ቅልጥሜን አጠበችልኝ። አልኮሉን ስታፈስ እጇ ላይ ርኅራኄ አልነበረም።

«ፋሻውም ከመሣሪያዎቹ ጋር ነው የሚቆጠረው?» አለችኝ።

«ለሊሴ፣ በናትሽ፣ እሳቸውን አስረጅልኝ።»

«ምን ብዬ? ሄልሜት አለው፣ ጓንት አለው፣ ደወል አለው፣ ከኋላ የሚያይበት መስታወት አለው፣ መቆሚያ ብቻ የለውም ልበል?» ፋሻውን ጠበቅ አደረገችው። «ታክሲ ያዝ። ቢያንስ እስከ እሑድ።»

ልክ ነበረች። ነገር ግን ቢሮ ላለው ሁሉ ከታክሲ ሰልፍ ለዘላለም ተሰናብቻለሁ ብዬ አውርቻለሁ። ባጃጅ ተራው በሙሉ አውቆኛል፤ ሳልፍ «ፎሌ!» ብለው ነው የሚጠሩኝ። አሁን ተመልሼ ሰልፍ ላይ ብቆም ምን ይሉኛል አልኩ። ሚስት ላጣ ስል ባጃጅ ነጂ ምን ይለኛል ብዬ ተጨነቅኩ፤ እንግዲህ ጭንቅላቱን በሄልሜት የሚጠብቅ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ቢፈትሽ ጥሩ ነው።

እሑድ ደረሰ። አጎቴ ጋሽ ተካ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጭ ለብሰው ሄዱ። ጋሽ ተካ የተጣላ አስታርቀው፣ የተኳረፈ አጋብተው፣ ሽንፈት አያውቁም የሚባልላቸው ሰው ናቸው። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ፣ መረጋጋት ስላቃተኝ፣ ካቴና ቅባት ቀባሁ። ንጹሕ ነበር፤ ደግሜ ቀባሁት። ጋሽ ተካ ሲመለሱ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«ጥሩ ተቀበሉን። እርጎ ጠጣን። የመጣንበትን ተናገርን። ከዚያ አንድ ጥያቄ አለኝ አሉ።»

«ምን ብለው ጠየቁ?»

«ልጁ በበሬ ሲያልፍ ለምን አይወርድም አሉ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እውነቱን ነዋ! ልጁ ንቀት የለበትም፤ ፍሬን ነው የሌለው አልኳቸው።»

«ጋሼ!»

«ምን ላድርግ? ሳስበው ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ነው የከፋው። ሰውዬው፣ ፍሬን ለሌለው ሰው ልጄን ልስጥ? አሉ።»

ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ፈርቼ አላውቅም ነበር። ለሊሴን ላጣት ነው ብዬ ካቴናውን ለሦስተኛ ጊዜ ቀባሁት። ደግነቱ ኦቦ ቶለሳ በሩን አልዘጉትም፤ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይምጡ፣ ልጁም ያንኑ ነገሩን እየነዳ እንደ ወትሮው ከዳገቱ ይምጣ፣ በሬ ላይ ቆሞ፣ ወርዶ፣ እንደ ሰው ሰላም ይበለኝ ብለዋል። ካልቆመ ግን ሽማግሌዎቹ ሌላ ጊዜ ጫማቸውን አይጨርሱ።

ፍሬን ገዛሁ። ናቲ ሲሰማ ዘመድ የሞተበት ሰው መሰለ። «ገደልካት» አለኝ፤ ያን ቀን የሱሪውን እግር ፈትቶ አወረደው። ፍሬን ይገጥሙልኛል ወደምላቸው ጠጋኞች ግን አልሄድኩም። ለምን እሄዳለሁ? የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ ፒንሳ፣ የራሴ ካቻቢቴ አለኝ። መሣሪያ የገዛ ሰው ባለሙያ የሆነ ይመስለዋል፤ ይህ ስሜት ከመሣሪያው ጋር በነጻ ነው የሚሰጠው። የብስክሌቷ ሹካ ላይ ለፍሬን የተበጀ ቀዳዳ አልነበረም፤ በብረት ቀለበትና በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። እጀታውን መሪው ላይ አሰርኩት። ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ዞሬ ያዝኩት፤ ብስክሌቷ ቀጥ አለች። ከደስታዬ ብዛት አከራዬን ጠርቼ አሳየኋቸው።

ቅዳሜ ለሊሴ ልታይ መጣች። ደጋግሜ ነድቼ ቆምኩላት። እሷ ግን ጠጋ ብላ የፍሬኑን እጀታ በሁለት ጣት ነካ አደረገችው። እጀታው ትንሽ ዞረ።

«ይኼ ልክ ነው?»

«የፊክሲ ባሕርይ ነው» አልኳት፤ በናቲ ድምፅ።

«ግቢው ሜዳ ነው» አለች። «የእኛ በር ያለው ቁልቁለት ሥር ነው።»

«ለሊሴ፣ እኔ እኮ መሣሪያ አለኝ።»

ምንም አላለችም። ለሊሴ ምንም ሳትል ስትቀር ነገሩን ትታዋለች ማለት አይደለም፤ ይህንንም ያኔ አላወቅኩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል ተመለከትኩ። ሱሉልታ ከነሜዳዋ ከሥሬ ተዘርግታለች። ወሬው ተዳርሶ ኖሮ መንገድ ዳሩ ሰው ሆኗል። ባጃጆች ቆመዋል። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቶ ሴቶቹ ወጥተዋል። ሄልሜቴን አጠበቅኩ፣ ጓንቴን ሳብኩ፣ እግሮቼን አሰርኩ፣ ቦርሳዬን ከነጋራዡ ተሸከምኩ። አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ። የጎደለኝ አንድም ነገር አልነበረም።

ለቀቅኳት። ባሕር ዛፎቹ አለፉ። በሩ ታየኝ። ኦቦ ቶለሳ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከነጋሽ ተካና ከሽማግሌዎቹ ጋር ከግቢው እየወጡ ነው። አሁን አልኩና በእርጋታ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ፍሬኑን ያዝኩ። እጀታው መሪው ላይ ዙሩን ዞረ። ደግሜ በኃይል ሳብኩት። መጣልኝ። ከነሽቦው መጣልኝ። ሁሉንም ብሎን አጥብቄ ነበር፤ ያ ብሎን ሲቀር።

አንድ እጄ ላይ ፍሬን ይዤ፣ እግሮቼ ከኔ ፈቃድ ውጪ እየዞሩ፣ ወደ አማቴ ነጎድኩ። ጋሽ ተካ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አየሁ። ለሊሴ በሰው መሃል ቆማ በእጇ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እያለች ታሳየኛለች። በግራ በኩል፣ ከበሩ አለፍ ብሎ፣ ትናንት ያልነበረ ነገር አለ። ትልቅ የድርቆሽ ክምር። ያለ የሌለ ኃይሌን መሪው ላይ አድርጌ ወደዚያ ጠመዘዝኳት።

ገባን። እኔም፣ ብስክሌቷም፣ ቦርሳውም፣ ደወሉም። ደወሉ ውስጥ ለውስጥ ትንሽ ጮኾ ዝም አለ። እኔ በጀርባዬ ተገልብጫለሁ፤ እግሮቼ ወደ ሰማይ ናቸው፣ ከፔዳሉ ጋር እንደታሰሩ፤ ብስክሌቷ ላዬ ላይ ነች፤ የኋላ ጎማዋ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ እግሬም ቀስ ብሎ አብሮት ይዞራል። ድርቆሹ መሃል ዘንግ ታየኝ። ከዘንጉ በላይ የኦቦ ቶለሳ ፊት።

ቆሜያለሁ ብዬ አሰብኩ። አቋቋሜ ምንም ይሁን፣ በራቸው ላይ ቆሜያለሁ። አፌ ውስጥ የገባውን ሳር ተፋሁና «አካም ኦልተን፣ ኦቦ ቶለሳ» አልኩ። እስከ መጨረሻው አልኩት። ቶለሳ ብዬ ስሙን ስጨርሰው ዕንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ኦቦ ቶለሳ ዘንጋቸውን አስተካከሉ።

«ነጋ፣ ደህና» አሉ። «አንተስ እንደምን ዋልክ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጤናህስ?»

«ደህና ነው።» በዚያች ቅጽበት አንድ የካላማዳሪያ ፓምፕ ጎኔን እየወጋኝ ነበር።

«ቤቱ፣ ሥራው?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ ኦቦ። እርስዎስ እንዴት ነዎት? ቤቱ? ልጆቹ?»

«ደህና ነን።» ከዚያ ድንገት ቀና ብለው ሰውን ሁሉ ቃኙ። «ይኼን ድርቆሽ ከጓሮ አውጥቶ እዚህ የከመረው ማነው?»

ለሊሴ ወደ ሰማይ ታያለች፤ ዝናብ ሊመጣ ይሁን አይሁን የምትመረምር ይመስል። ነጠላዋ ጸዓዳ ነው፤ ፀጉሯ ግን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ድርቆሽ ሆኗል። መዳፎቿ ቀልተዋል። ኦቦ ቶለሳ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከፀጉሯ ላይ አንዲት ሰበዝ ሳር መዘዙ፤ አገላብጠው አዩት፤ ለጋሽ ተካ ሰጧቸው።

«ልጅዎን ይስጡን ልትሉኝ ነው ዛሬም የመጣችሁት?»

«አዎን፣ ኦቦ» አሉ ጋሽ ተካ፣ ሳሩን እንደ ማስረጃ ይዘው።

«ዘግይታችኋል። ራሷ ማረፊያውን ደልድላለት ጨርሳለች። እኔን የምትጠይቁኝ ለደንቡ ነው።» ዘንጋቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። «ለደንቡም እሺ ብያለሁ።»

እልልታው ከወፍጮ ቤቱ በኩል ነው የጀመረው። ባጃጆቹ ጡሩምባ ነፉ፤ «ፎሌ! ፎሌ!» ይላሉ። ጋሽ ተካ ሊስሙኝ ፈልገው ከየት በኩል እንደሚስሙኝ አጡ። እኔ እግሬን ልፈታ ብሞክር ማሰሪያው ጠብቋል፤ መፍቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ ከሥሬ ነው። ለሊሴ መጥታ ጎንበስ አለችና የግራ እግሬን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። የቀኙን ልትይዝ ስትል ኦቦ ቶለሳ ዘንጋቸውን ጣልቃ አስገቡ።

«ቆይ። ሰላምታው መች አለቀ? ከብቶቹን አልጠየቀኝም።»

አንድ እግሬ ከሰማይ ተንጠልጥሎ፣ በተቻለኝ አክብሮት፣ «ከብቶቹስ ደህና ናቸው፣ ኦቦ?» አልኩ።

«ደህና ናቸው» አሉ ኦቦ ቶለሳ፤ «ራታቸው ላይ ተኝተህባቸዋል እንጂ።»